የአንቲቦዲ ሁለት ወገን፦ የሚይዘው ክንድና የሚጠራው ግንድ
በሐዋሳ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ስለ በሽታ መከላከል በሬዲዮም ሆነ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ሲነገር አንቲቦዲ ብዙውን ጊዜ ጠላትን የሚገድል ወታደር ተደርጎ ይቀርባል። አገላለጹ ለመነሻ ያህል ባይከፋም ዋናውን ነገር ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ። አንቲቦዲ ብቻውን የሚገድለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ሥራው አንድን ባዕድ ነገር ለይቶ መያዝ፣ ከያዘም በኋላ በዚያ ነገር ላይ ምን መደረግ እንዳለበት ለቀሪው የሰውነት ክፍል ማሳወቅ ነው። እነዚህን ሁለት ሥራዎች የሚያከናውኑት የአንዱ ሞለኪውል ሁለት የተለያዩ ወገኖች ናቸው። ስለሚይዘው ወገን ብዙ ይነገራል፤ ስለሚያሳውቀው ወገን ግን ከመማሪያ ክፍል ውጭ እምብዛም አይሰማም። ይህን ሁለተኛ ወገን ያላወቀ ሰው እናት ስትከተብ ልጇ ለምን እንደሚድን፣ የኩፍኝ ክትባት ለምን እስከ ዘጠኝ ወር እንደሚጠበቅ፣ በኤችአይቪ ያልተያዘ ሕፃን ደም ለምን ፖዘቲቭ ሊያሳይ እንደሚችል፣ በየክሊኒኩ የሚታዘዘው የታይፎይድ ምርመራም ለምን እንደሚያሳስት ለመረዳት ይቸገራል። ዛሬ በዚህ ከተማ በፊታችሁ የቆምኩት ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

አንቲቦዲ የታወቀው ቅርጹ ከመታየቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ በሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 በርሊን ውስጥ ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የመንጋጋ ቆልፍን፣ ማለትም የቴታነስን መርዝ እንዲቋቋሙ ከተደረጉ ጥንቸሎች የደም ውሃ ወስደው ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹም በሌላ ጊዜ ይገድላቸው ከነበረው መርዝ ተረፉ። በደሙ ውሃ ውስጥ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ሊሻገር የሚችል አንድ የሚከላከል ነገር መኖሩ በዚህ ተረጋገጠ። ቤሪንግ እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ይኸው ዘዴ በዘጊ አናዳ ማለትም በዲፍቴሪያ የታመሙ ሕፃናትን ለማከም በመዋሉ ነው። በአገራችን ጤና ተቋማት በተለምዶ «ቲኤቲ» እየተባለ፣ ሚስማር ለወጋው ወይም የቆሸሸ ቁስል ላለበት ሰው ሲሰጥ የኖረው መርፌም የዚያው ሥራ ቀጥተኛ ወራሽ ነው፤ ውስጡ ያለው የፈረስ አንቲቦዲ ነው።

ወደ ቅርጹ ልግባ። ጎጆ የሠራ ወይም ሲሠራ ያየ ሰው ባላን ያውቃል፤ ከታች አንድ ግንድ፣ ከላይ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው፣ ሸክምን በመንታው የሚይዝ እንጨት ነው። አንቲቦዲም በመሠረቱ ባላ ነው። ሁለቱ ክንዶች ባዕዱን ነገር ይይዛሉ፤ ግንዱ ደግሞ ወደ ሰውነት ሴሎችና ፕሮቲኖች ዞሮ ይቆማል። አንዱ ባላ የሚገነባው ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች ሲሆን፣ ሁለቱ ከባድ፣ ሁለቱ ደግሞ ቀላል ሰንሰለቶች ይባላሉ። ከባዶቹ ከግንዱ ተነሥተው እስከ ክንዶቹ ጫፍ ይዘልቃሉ፤ ቀላሎቹ በክንዶቹ ላይ ብቻ ከከባዶቹ ጎን ይቀመጣሉ። አራቱን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው የሰልፈር ትስስር ነው። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ክብደቱ በሞለኪውል መመዘኛ 150,000 ዳልተን ገደማ ሲሆን ከ1,300 በላይ አሚኖ አሲዶች አሉት። በክንዶቹና በግንዱ መካከል ያለው አንገት እንደ ማጠፊያ የሚላላ በመሆኑ፣ ሁለቱ ክንዶች በተለያየ ርቀት ያሉ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ሊይዙ ይችላሉ።

ይህን ቅርጽ ያወቅንበት መንገድ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። እንግሊዛዊው ሮድኒ ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የጥንቸል አንቲቦዲን ፓፔይን በተባለ ኤንዛይም ቆራረጠ። ፓፔይን የሚገኘው ካልበሰለ ፓፓያ ወተት ነው፤ እኛ በስምጥ ሸለቆ የምንኖር ሰዎች ፍሬውን ከጓሮ የምንለቅመው ዛፍ ማለት ነው። ኤንዛይሙ ባላውን አንገቱ ላይ በመቁረጡ ሦስት ስባሪዎች ተገኙ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ባዕዱን ነገርም መያዝ ይችሉ ነበር። ሦስተኛው ምንም ነገር አይዝም፤ ነገር ግን በቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ ክሪስታል ሠራ። ይህ ቀላል የሚመስል ምልከታ ትልቅ ትርጉም አለው። ሞለኪውሎች በሥርዓት ተደርድረው ክሪስታል የሚሠሩት እርስ በርስ ሲመሳሰሉ ነው። በአንድ ጥንቸል ደም ውስጥ ያሉ፣ ሺህ ዓይነት ነገር የሚይዙ አንቲቦዲዎች ግንዳቸው ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የልዩነቱ ቦታ ክንዱ፣ የአንድነቱ ቦታ ግንዱ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በአሜሪካ ጄራልድ ኤደልማን በተመሳሳይ ጊዜ የሰልፈሩን ትስስር ፈትቶ ሰንሰለቶቹን ለያያቸው። ኤደልማንና የሥራ ባልደረባው ከዚያ በኋላ፣ በመቅኔ ካንሰር የታመሙ ሰዎች ሽንት ውስጥ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲታይ የኖረው ምንነቱ ያልታወቀ ፕሮቲን የአንቲቦዲ ቀላል ሰንሰለት መሆኑን አሳዩ። የታመመው ሴል ያንኑ አንድ ሰንሰለት ሳያቋርጥ ስለሚያመርት፣ ንጹሕና ብዛት ያለው ናሙና ከታማሚዎች ሽንት ማግኘት ተቻለ። ፖርተርና ኤደልማን እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። በየመማሪያ መጽሐፉ የምናየው ሥዕል በከፊል የእነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ ሕሙማን ውለታ መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

በክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ክፍል ተለዋዋጭ ክፍል ይባላል። በዚያ ከከባዱ ሰንሰለት ሦስት፣ ከቀላሉም ሦስት ቀለበቶች ወጥተው በአንድነት የመያዣውን ገጽ ይሠራሉ። የአንቲቦዲው ምርጫ የሚወሰነው በእነዚህ ስድስት ቀለበቶች ቅርጽና የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። አንቲቦዲው የሚይዘው ነገር አንቲጅን ይባላል፤ የሚይዘው ግን ባክቴሪያውን ወይም ቫይረሱን በሙሉ ሳይሆን በላዩ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ስፍራን ነው። ሁለት የማይዛመዱ ተሕዋስያን ተመሳሳይ ስፍራ ካላቸው አንዱ አንቲቦዲ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ላቦራቶሪ ስንገባ ያስፈልገናል።

ሰውነት ከዚህ በፊት ያላገኘውን ነገር የሚይዝ ክንድ አስቀድሞ እንዴት ያዘጋጃል? ፕሮቲን የሚሠሩት የሰው ጂኖች 20,000 ገደማ ብቻ ሲሆኑ የአንቲቦዲ ዓይነቶች ግን በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራሉ። መልሱን እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ነው፤ በ1987 ለብቻው የኖቤል ሽልማት አገኘበት። አንቲቦዲን የሚሠራው ነጭ የደም ሴል፣ ማለትም ቢ ሴል፣ በመቅኔ ውስጥ ሲያድግ ለተለዋዋጩ ክፍል የሚሆነውን ጂን ከተለያዩ ቁርጥራጮች መርጦ ይቀጥላል። ለከባዱ ሰንሰለት ከሦስት የቁርጥራጭ ቡድኖች፣ ወደ 40 ከሚጠጉት አንዱን፣ ከ23ቱ አንዱን፣ ከ6ቱም አንዱን ይመርጣል፤ ለቀላሉም እንዲሁ ያደርጋል። ምርጫው ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ጥምረት ይሰጣል፤ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚጨመሩና የሚቀነሱ የጂን ፊደላት ሲታከሉበት ቁጥሩ እጅግ ይበዛል። እያንዳንዱ ቢ ሴል አንድ ዓይነት ክንድ ብቻ ይዞ ይወጣል። የሚስማማውን ባዕድ ነገር ያገኘው ሴል ይባዛል፤ ከፊሉ አንቲቦዲ የሚያመርት ፕላዝማ ሴል ይሆናል፤ ከፊሉም ለዓመታት የሚያስታውስ ሴል ሆኖ ይቀራል። በንፍፊት ውስጥ በሚባዛበት ጊዜም ክንዱ ይበልጥ እየተሞረደ አያያዙ ይጠነክራል።

አሁን ወደ ግንዱ እንምጣ። አንድ ቢ ሴል ክንዱን ሳይለውጥ ግንዱን ብቻ ሊለውጥ ይችላል። ለተለዋዋጩ ክፍል የመረጠውን ጂን እንደያዘ፣ ከሥሩ ያለውን የግንድ ጂን ቆርጦ ጥሎ ከሌላ ግንድ ጋር ይቀጥለዋል። የሚይዘው ነገር ያው ነው፤ ከያዘ በኋላ የሚሆነው ግን ይለያያል። የአንቲቦዲ አምስቱ መደቦች አይጂኤም፣ አይጂጂ፣ አይጂኤ፣ አይጂኢ እና አይጂዲ የሚለያዩት በዚህ ግንድ ነው።

አይጂኤም መጀመሪያ የሚደርሰው ነው። አምስት ባላዎች በግንዳቸው ተያይዘው ክብ ሠርተው ስለሚገኙ በአንድ ጊዜ አሥር መያዣ ይኖረዋል። የእያንዳንዱ ክንድ አያያዝ ገና ያልጠነከረ ቢሆንም በአሥር እጅ መያዙ ድክመቱን ያካክሳል። ኮምፕሊመንት የሚባሉትንና የባክቴሪያን ቅርፊት የሚበሱትን የደም ፕሮቲኖች በመቀስቀስም ከሁሉ ይበልጣል። ግዙፍ በመሆኑ ግን በአብዛኛው ከደም ሥር አይወጣም፤ የእንግዴ ልጅንም አያልፍም። ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የለያቸውን የደም ዓይነቶች የሚጠብቁት አንቲቦዲዎች በዋነኛነት የዚህ መደብ ናቸው። ያልተስማማ ደም የተሰጠው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ አደጋ ላይ የሚወድቀውም ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል እናትና ፅንስ በኤ፣ ቢ እና ኦ የደም ዓይነት ቢለያዩ በአብዛኛው ከባድ ችግር የማይፈጠረው፣ ይህ ግዙፍ አንቲቦዲ ወደ ፅንሱ ስለማይሻገር ነው። አርኤች በተባለው ሌላ የደም ዓይነት መለያ የተለያዩ እናትና ፅንስ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ በዚያ የሚሳተፈው አይጂጂ ሲሆን እርሱ ይሻገራል፤ የፅንሱንም ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋል። አርኤች ኔጌቲቭ ለሆነች እናት መርፌ የሚሰጠው ይህ አንቲቦዲ በሰውነቷ ገና ሳይሠራ ለመቅደም ነው።

በአይጂጂ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእናቶችና የሕፃናት ጤና ሥራችን ግማሹ በእርሱ ግንድ ላይ የቆመ ነው። በደም ውሃ ውስጥ ካሉት አንቲቦዲዎች ሦስት አራተኛው ያህል አይጂጂ ነው። ብዙዎቹ የደም ፕሮቲኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲበተኑ፣ የአብዛኛው አይጂጂ መጠን በግማሽ ለመቀነስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የደም ሥርን የሚሸፍኑ ሴሎች ፕሮቲኖችን ለማጥፋት ወደ ውስጥ ሲያስገቡ፣ አንድ ተቀባይ የአይጂጂን ግንድ ለይቶ በመያዝ ወደ ደም ይመልሰዋል። ይኸው ተቀባይ በእንግዴ ልጅ ላይም አለ፤ በዚያ ግን የሚያደርገው ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን ከእናት ወደ ፅንስ ማሻገር ነው። ማሻገሩ በእርግዝናው አጋማሽ ቀስ ብሎ ይጀምርና አብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይከናወናል። በጊዜው የተወለደ ሕፃን የአይጂጂ መጠኑ ከእናቱ ጋር የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ሲሆን፣ ያለ ጊዜው የተወለደው ግን ይህን ስንቅ በሙሉ ሳይቀበል ይመጣል።

የነፍሰ ጡር እናቶች የቴታነስ ክትባት መሠረቱ ይህ ነው። የእትብቱ ቁራጭ በቆሸሸ ምላጭ ሲቆረጥ የሚገባው ባክቴሪያ በቀናት ውስጥ መርዙን ያመነጫል፤ አራስ ሕፃን ደግሞ በዚያ ፍጥነት የራሱን አንቲቦዲ ማምረት አይችልም። ያለው ተስፋ እናቱ አስቀድማ አምርታ ያሻገረችለት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 የእናቶችና የአራስ ሕፃናት ቴታነስን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወገዷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጧል። ይህ ውጤት የተገኘው በንጹሕ ወሊድና በእናቶች ክትባት ነው፤ ክትባቱም ሕፃኑን የጠበቀው የአይጂጂ ግንድ በእንግዴ ልጅ ላይ መንገድ ስላለው ነው።

የዚሁ መሻገር ሌላ ገጽታም አለ። እናት ከዚህ ቀደም ኩፍኝ ከያዛት ወይም ከተከተበች፣ አንቲቦዲዋ በሕፃኑ ደም ውስጥ ለወራት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ሕፃኑ ቢከተብ፣ በክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስ የእናቱ አንቲቦዲ ቀድሞ ይይዘዋል፤ የሕፃኑ ቢ ሴሎችም በበቂ ሁኔታ ሳይማሩ ይቀራሉ። በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛውም በ15 ወር የሚሰጠው የእናት አንቲቦዲ እስኪመነምን ሲጠበቅ ሕፃኑ ለረጅም ጊዜ ተጋልጦ እንዳይቆይ በማመዛዘን ነው። «ልጄ ስድስት ወር ሞላው፣ ለምን አሁን አይከተብም?» ብለው የሚጠይቁ እናቶች ትክክለኛ ጥያቄ እየጠየቁ ነው፤ «ጊዜው ገና ነው» ከሚለው የተሻለ መልስም ይገባቸዋል።

ሦስተኛው ገጽታ በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው። የተለመደው የኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ለቫይረሱ የተሠራን አንቲቦዲ ነው። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ያለ እናት አንቲቦዲዋን ለልጇ ታሻግራለች፤ ልጁ ራሱ በቫይረሱ ባይያዝም ምርመራው የእናቱን አንቲቦዲ አግኝቶ ፖዘቲቭ ያሳያል። ይህ ውርስ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ እስከ 18 ወር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ዕድሜ በታች ያለ ሕፃን የሚመረመረው ከተረከዙ በወረቀት ላይ በሚነጠብ ደም፣ የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ ዘዴ ነው። የፈጣን ምርመራውን ውጤት ብቻ አይቶ ለእናት የተሳሳተ መርዶ መንገር፣ አንቲቦዲን ከበሽታው ራሱ ጋር ከማምታታት የሚመጣ ከባድ ጥፋት ነው።

አይጂጂ ሥራውን የሚሠራው በብዙ መንገድ ነው። መርዝን ወይም ቫይረስን ከብቦ ወደ ሴል እንዳይገባ ይከለክላል፤ ለዚህ ክንዶቹ ብቻ ይበቃሉ። የእባብ መርዝ ማርከሻ ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ የፈረሱን አንቲቦዲ ግንድ በኤንዛይም ቆርጠው ክንዶቹን ብቻ የሚያስቀሩት ስለዚህ ነው፤ መርዙ ይመክናል፤ የባዕድ ግንድ የሚያስነሣው የሰውነት ቁጣም ይቀንሳል። ባክቴሪያን ለማስዋጥ ግን ግንዱ የግድ ነው። በክንዶቹ ባክቴሪያውን ከሸፈነ በኋላ ወደ ውጭ የቀረው ግንድ ዋጭ ሴሎች ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ይገናኛል፤ ሴሎቹም ይውጡታል። በቫይረስ የተያዘን የራሳችንን ሴል ሲሸፍን ደግሞ ገዳይ ሴሎች ግንዱን አይተው ይደርሳሉ።

ወባ ለሚያውቀው ለዚህ አካባቢ ሰው ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሲድኒ ኮኸን፣ ኢያን ማክግሬገርና ካሪንግተን በጋምቢያ በወባ መካከል ካደጉ አዋቂዎች ደም አይጂጂ ለይተው በወባ ለታመሙ ሕፃናት ሰጡ። በሕፃናቱ ደም ውስጥ የነበረው የወባ ተውሳክ በእጅጉ ቀነሰ። በወባማ ቆላ ያደገ አዋቂ ተውሳኩ በደሙ እያለ ሥራውን ሲሠራ፣ ከደጋ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ንዳድ ክፉኛ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት በዚህ ጥናት በግልጽ ታየ። ይህ መከላከያ የሚገነባው ለዓመታት በተደጋጋሚ በመያዝ በመሆኑ ዋጋውን የሚከፍሉት ሕፃናት ናቸው፤ ስለዚህ አጎበርን የሚተካ አድርጎ የሚያየው ሰው ካለ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

አይጂኤ በደም ምርመራ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ሰውነታችን በየቀኑ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ የሚያመርተው እርሱን ነው፤ አዋቂ ሰው በቀን ሦስት ግራምና ከዚያ በላይ ያመርታል። አብዛኛው ወደ አንጀት፣ ወደ መተንፈሻ አካላት፣ ወደ ምራቅ፣ ወደ እንባና ወደ ጡት ወተት ይወጣል። ሁለት ባላዎች ግንድ ለግንድ ተያይዘው፣ በምግብ መፍጫ ኤንዛይሞች እንዳይቆራረጡ የሚጠብቅ ተጨማሪ ፕሮቲን ይጠመጠምባቸዋል። ጠባዩም ከቦታው ጋር የሚስማማ ነው። አንጀት ውስጥ ሁልጊዜ እብጠትና ቁጣ ቢቀሰቀስ ኖሮ ምግብ መመገብ ባልተቻለ ነበር። አይጂኤ ተሕዋሱን ይይዛል፤ ከሽፋኑ ጋር እንዳይጣበቅ ይከለክላል፤ ከዓይነ ምድር ጋርም ያስወጣዋል፤ ብዙ ጫጫታ አያስነሣም።

እንገርን በተመለከተ እዚህ ላይ የማምንበትን በግልጽ እናገራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫማ የእናት ወተት በአይጂኤ የበለጸገ ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ግን እንገሩ ታልቦ ሲጣልና ለሕፃኑ በምትኩ ቅቤ ወይም ስኳር በውሃ ሲሰጥ ኖሯል፤ አሁንም ፈጽሞ አልቀረም። ላም ያረባ ሰው እንገር ያልጠጣ ጥጃ እንደማይጠና ያውቃል። የላም እንግዴ ልጅ አንቲቦዲ ስለማያሻግር ጥጃው ሁሉንም የሚያገኘው በመጀመሪያው ቀን ከእንገር ሲሆን፣ አንጀቱም በዚያ አጭር ጊዜ አንቲቦዲውን እንዳለ ወደ ደም ያስገባል። የሰው ልጅ በደሙ ያለውን አይጂጂ ከማሕፀን ይዞ ይወጣል፤ አንጀቱን የሚሸፍነው አይጂኤ ግን ከጡት በቀር ሌላ ምንጭ የለውም፤ የራሱ ምርት እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ። እንገርን መድፋት ሕፃኑ ለተቅማጥ በተጋለጠበት ሰዓት አንጀቱን ያለ መከላከያ መተው ነው። አያቶችና አዋላጆች በአክብሮት ቢነገራቸው የሚረዱት ጉዳይ ነው።

አይጂኢ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከሁሉ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ ለይተው እስኪያወጡት ድረስ ሳይታወቅ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኛው ግንዱን፣ በቆዳና በመተንፈሻ አካላት ሽፋን ሥር በሚገኙ ማስት ሴሎች ላይ ተክሎ፣ ክንዶቹን ወደ ውጭ ዘርግቶ ይጠብቃል። የሚይዘው ነገር ሲመጣ ሴሉ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን በቅጽበት ይለቃል። በአስም፣ በአለርጂና በመድኃኒት ቁጣ የምናውቀው ፊቱ ይህ ነው፤ ሆኖም ሊዋጡ የማይችሉ ትልልቅ ጥገኛ ትሎችን በመከላከል ረገድ ጥቅም አለው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ቢልሃርዚያን በሚገባ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከጋምቢያ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የሽንት ፊኛን ከሚያጠቃው የቢልሃርዚያ ዓይነት ከታከሙ በኋላ ዳግመኛ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰው ለተውሳኩ ብዙ አይጂኢ የነበራቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ አይጂጂ 4 የተባለው ንዑስ መደብ የበዛባቸው ደግሞ ይበልጥ ይያዙ ነበር። አንድን ተውሳክ የሚይዙ ሁለት አንቲቦዲዎች፣ በግንዳቸው ልዩነት ብቻ ከተቃራኒ ውጤት ጋር ተያይዘው ተገኙ። ለዛሬው ርእሴ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

አይጂዲ በዋነኛነት ባዕዱን ነገር ገና ባላገኙ ቢ ሴሎች ገጽ ላይ ከአይጂኤም ጋር ተተክሎ የሚገኝ ነው፤ በደም ውሃ ውስጥ ያለው ከአንድ በመቶ በታች በመሆኑ ከዚህ በላይ አልቆይበትም።

በመጨረሻም በየቀኑ ወደምናየው የላቦራቶሪ ወረቀት ልምጣ። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ወደ ክሊኒክ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ይመለሳል። ከወራት በኋላም «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» እያለ ደግሞ ይታከማል። ለዚህ የሚውሉት ሁለት ምርመራዎች ዊዳልና ዌይል-ፊሊክስ ይባላሉ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1896፣ ሁለተኛው በ1916 የወጡ ናቸው። ሁለቱም የሚለኩት በሽታውን ሳይሆን አንቲቦዲን ነው። የታማሚው የደም ውሃ ከተዘጋጀ ባክቴሪያ ጋር ሲቀላቀል ቢረጋ «ሪአክቲቭ» ይባላል።

አሁን ከላይ ያልናቸውን ነገሮች ሁሉ እንጠቀምባቸው። አይጂጂ ከሕመሙ በኋላ ለወራትና ከዚያም በላይ ይመረታል፤ ስለዚህ የዛሬው መርጋት የቀድሞ ሕመም ወይም የክትባት አሻራ ሊሆን ይችላል። አንቲቦዲ የሚይዘው ጠባብ ስፍራን በመሆኑ የታይፎይድ ባክቴሪያ ከዘመዶቹ ከሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች ጋር የሚጋራው ስፍራ በሌላ ሕመም ጊዜም መርጋትን ያሳያል። ዌይል-ፊሊክስማ የታይፈስን ተሕዋስ ጨርሶ አይጠቀምም፤ ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰል ስፍራ ስላለው ብቻ በምትኩ የተወሰደ ነው፤ ፕሮቲየስ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ሕመምን ጨምሮ በራሱ የሚያሳምም ነው። በተቃራኒው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንቲቦዲው ገና ስላልበዛ፣ በእርግጥ ታይፎይድ ያለበት ሰው ነፃ ሊባል ይችላል። ዊዳል ትርጉም እንዲኖረው ቢያንስ በአሥር ቀን ልዩነት ሁለት ናሙና ተወስዶ መጠኑ በአራት እጥፍ መጨመሩ መታየት አለበት፤ በአንድ ጠብታና በአንድ ስላይድ የሚሰጠው ውጤት ግን ይህን አያሳይም። የተሻለው ማረጋገጫ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከሚወሰድ ደም ባክቴሪያውን ማብቀል ነው። ያለበቂ ማረጋገጫ የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ የትኩሳቱን ትክክለኛ ምክንያት ሸፍኖ ያልፋል፤ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችንም ያበዛብናል። ይህን የምለው ባለሙያዎቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ባክቴሪያ የሚያበቅል ላቦራቶሪ ጥቂት በሆነበትና ታማሚው መልስ ይዞ መሄድ በሚፈልግበት ቦታ ጫናው ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ።

ከንግግሩ በኋላ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ «የወባው ፈጣን ምርመራስ እንደዚሁ ያሳስታል ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የሰጠኋቸው መልስ የሚከተለው ነው። የወባው ምርመራ የተገላቢጦሽ ነው። አንቲቦዲው ያለው በምርመራው ወረቀት ላይ ሲሆን፣ የሚፈለገው በታማሚው ደም ውስጥ ያለው የተውሳኩ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ከዊዳል ይልቅ ስለዛሬው ሕመም የተሻለ ይናገራል። ይሁን እንጂ ኤችአርፒ 2 የተባለው፣ ፋልሲፓረም የተሰኘው የወባ ተውሳክ ዓይነት የሚሠራው ፕሮቲን ተውሳኩ ከሞተ በኋላም በደም ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ በቅርቡ በታከመ ሰው ላይ የሚወጣ ፖዘቲቭ ውጤት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ ደግሞ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ተውሳኮች ተገኝተዋል፤ በእነርሱ የተያዘ ሰው በወረቀቱ ላይ በዚህ ፕሮቲን በኩል ነፃ መስሎ ይታያል። የወባ ምልክት ያለበት ሰው ፈጣን ምርመራው ኔጌቲቭ ቢል፣ ማይክሮስኮፕ እስካለ ድረስ የደሙን ፊልም ሳያዩ ወደ ቤቱ እንዳይሸኙት ነገርኳቸው።